የላም ኮቴ

በካርታው ላይ ሲታይ አንዲት ቀለበት ነው፣
ቁመቱን ለመጻፍ ማንም ያልደከመው።
ዙሪያውን የቆሙት እነዚያ ግዙፎች፣
በረዶ የደፉ ጥርሰ ስል ጫፎች፣
ስማቸው በመዝገብ፣ ክብራቸው በመስቀል፤
የወጣ ይጻፋል፣ የወደቀውም ሰው በነሐስ ይቀረጻል።

የኛው ራውንቢህል ግን
ከቁርስ በኋላ ወጥተው ሾርባው ሳይበርድ የሚወርዱት፣
ነፍሰ ጡር፣ ባለ ከዘራ፣ ባለ ጋሪ የሚደፍሩት፣
ተራራ ቢሉት የሚያፍር፣
ጉብታ ቢሉት የሚያኮርፍ፣
በታላላቆቹ ክርን ሥር ተጠግቶ የሚያርፍ።

መምህር ኮርቢኒያን፣ ኪሱ ጠጠር፣ ጥፍሩ ኖራ፣
በግንቦት ይነዳን ነበር እንደ ፍየል ወደዚያ ስፍራ።
«እጃችሁን ጫኑ» ይለናል። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር።
«ይህ ጭቃ ነው፤ የረጋ ጭቃ፤ የሞቀ፣ የለዘዘ ባሕር
ወለሉ ላይ ያስቀመጠው።
ከደቡብ የመጣ ምድር ገፍቶ ገፍቶ አጠፈው፣
እንደ ታጠበ አንሶላ ሰማይ ላይ አሰጣው።»
ማን ናት የገፋችው? ብንል «አፍሪካ» አለን፤ ሳቅን።
«ዛሬም አልተወችም፤ ከጥፍራችሁ ዕድገት ቀስ ብላ» አለ፤ ዝም አልን።
ያን ለት ማታ ጥፍሬን ስቆርጥ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ የበረዶ ወንዝ፣ ሃያ ደወል ቤት ቢደራረብ የማይደርስበት፣
እየሄደ ተኛበት፣ እየተኛ ሄደበት፤
በመጣበት በኩል ላገው፣ በሄደበት በኩል ነጨው፤
ለዚህ ነው ፊቱ የሕፃን ጉንጭ፣ ጀርባው ውሻ የገመጠው።
ሲሰናበትም፣ እንደ ቸኮለ እንግዳ ሻንጣ ረስቶ፣
ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ሄደ አናቱ ላይ ጎልቶ፤
ሰባት ሸለቆ ድረስ ብትጠይቁ ዘመድ የለው፣
ለሽርሽር የመጣ ሁሉ ዳቦውን የሚበላበት እሱ ነው።

ከምንጩ በላይ ባለው ዓለት
ነጫጭ ኮቴዎች አሉበት፣
ለሁለት የተሰነጠቁ፣ ልክ እንደ ላም።
ክሬሸንዝ፣ የወተት ቤቷ ሴትዮ፣ ለማንም አትታጠፍም፤
«ሰይጣን ነው» ትላለች፣ «በበዓል ቀን ላም ሰርቆ ሲነዳ
ዓለቱ የቀለጠበት።» ኮርቢኒያን ቀረበ ሊያስረዳ፦
«ዛጎል ነው፤ ባሕር ውስጥ ቆሞ የሞተ፣ ሁለት ክዳኑን እንደ ገጠመ።»
አየችው። ባልዲዋን አስቀመጠች።
«ዛጎል ከሆነስ፣ መምህር፣ ላሟ የት ገባች?»

አጎቴ ቬንደሊን ድንጋይ አያነብም፣ ናፍጣ ነው ፊደሉ፤
የሞተ ትራክተር ልብ አውጥቶ ጋጣ ውስጥ ተከለ፣ ገመድ ዘረጋ ለሁሉ።
ሁለት ሺሊንግ፤ ቲኬት የምበሳው እኔ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ፤
ገመዱ ጓንት ይበላ ነበር፤ ዳገቱ ሞልቶ
በሚወድቁ ልጆች፣ በሚወድቁ አባቶች፣ በወደቀ ቄስ።
መውደቅ እዚያ ነው የተማርነው፤ መነሣቱ ቀስ በቀስ።

ከዚያ ታኅሣሥ ብቻውን መጣ፤ ጥርም ባዶ እጁን።
አጎቴ ገመዱን ጠቀለለ፤ አሁን ያስርበታል ደረቅ ሣሩን።
ሞተሩ ላይ ዶሮ ታቀፈች፤ ፈለፈለች።
ኮረብታው ግን ሥራ አልፈታም፤ መንገዱ ተጠረገ፣ አግዳሚ ወንበር ቆመ፣
ሐኪም «ሂድ፣ ውጣ» ያለው ሁሉ እያለከለከ አዘገመ።
በሰኔ ጫፍ ሁሉ እሳት ይለኮሳል፤
የግዙፎቹ ኮከብ ይመስላል፣
የኛው ላይ ቋሊማ ይጠበሳል።

አምና መጋቢት፣ አንድ ሌሊት፣ ሳይታሰብ ወረደ።
ጠዋት አጎቴ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዶሮዋን አባርሮ ወደ ሞተሩ ሄደ፤
ጎተተው። ሳለ። ጎተተው። ሳለ። ዝም አለ።
ልጆቹ አልጠበቁም፤ የመኖ ከረጢት ይዞ ሁሉም በእግሩ ወጥቶ ተንሸራተተ፣ ተንከባለለ።
አንዷ ተመልሳ ለእሱም ከረጢት ሰጠችው።
አላየሁም ልበል ብዬ ፊቴን አዞርኩ፤
እስከ ታች ድረስ ሲጮኽ ግን ሰማሁ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ቀለጠ።
ወደ ምንጩ ወረድኩ።
ከኮቴዎቹ አንዱ ውሃ ይዟል፣ አንድ ማንኪያ ባሕር፣
ጭቃ የሌለበት፣ ሰማይ ያለበት፤ እጄን ልሰድ ስል
ውሻዬ ቀደመኝ፤ ላሰው፣ ጨረሰው፣
አፉን ጠረገ በሣር።